ሁለት የተላጩ ራሶች በወንድሜ አርባ

የወንድሜ ልጅ ብሩክ በአባቱ አርባ ላይ ሕዝብ እያየ ክንዴን ይዞ ከአዳራሽ አስወጣኝ። እህል አልቀመስኩም። የሟቹ ታላቅ ወንድም እኔ ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን አሜሪካን አገር ድረስ የሄድኩትም ለዚያች ቀን ብቻ ነው። በደሉ ይኸው ነው። አላረዘምኩትም፣ አላሳጠርኩትም።

የቀረውን የምጽፈው ለእድራችን ሰዎችና አሜሪካንን ለማታዩት ሁሉ ነው። አታዩትም፤ ቪዛ አይሰጧችሁም። ስለ አጻጻፌ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ የልጅ ወንበር ላይ ተጣጥፌ ነው። አባታችን «አንድ ልጅ ብቻ ነው የማስተምረው» ብሎ ታናሼን ታደሰን መረጠ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «አንተ ጉልበት አለህ» አለኝ። ጉልበቴን ይዤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ዘበኛ ሆንኩ። ታደሰ ፊደሉን ይዞ አሜሪካ ገባና ታክሲ ነዳ። ታክሲ ለመንዳት «ሀ ሁ» ምን ያደርጋል? ይህን ሳልጠይቀው ሞተ።

መነሻ

ቪዛው የወጣው ታደሰ በሕይወት እያለ ነው። «ልቤን እያመመኝ ነው፤ ና እየኝ» ብሎ ወረቀቱን ሁሉ እሱ አስጨረሰ። ትኬት ሳይቆረጥ መርዶው መጣ። ቀብሩ አመለጠኝ። አርባው ግን አያመልጠኝም አልኩ።

በእኛ አገር ወንድሙ የሞተበት ሰው ራሱን ይላጫል። የዛሬ ልጆች ትተውታል፤ እኔ አልተውኩም። ፀጉር አስተካካዩ በምላጭ ሙልጭ አድርጎ ላጨኝ። ከዚያ የታደሰ ከተማ «ዴንቨር በረዶ ነው» ስላሉኝ መርካቶ ወርጄ ጥቁር ከስክስ ጫማ ገዛሁ፤ ወታደር የሚያደርገውን፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰረውን። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ብርድ መፍራት ያሳፍራል። ቢሆንም ገዛሁ። ይህን ከስክስ ልብ በሉት፤ ኋላ ያዋርደኛል።

ስለ አውሮፕላኑ ብዙ የምለው የለኝም። ተቀመጥኩ፣ አበሉኝ፣ እግሬ አበጠ። የአሜሪካው ፓስፖርት ተመልካች ግን ጉድ አደረገኝ። ፎቶዬ ላይ ፀጉር አለኝ፤ ፊቱ የቆምኩት ሰውዬ የለኝም። ፎቶውን ያያል፣ ራሴን ያያል። እንግሊዝኛ ስለማልችል ደረቴን መታሁ፣ ዓይኔን ጠረግሁ፣ ራሴን በእጄ ላጨሁ። ሰውዬው ደንግጦ ማኅተሙን መታልኝ። ሐዘን የማይገባው አገር የለም ብዬ አለፍኩ። ቸኩዬ ነበር የፈረድኩት።

ዓርብ

የዴንቨር አየር ማረፊያ ጣራው ነጭ ሸራ ነው፤ ድንኳን በድንኳን ላይ ተደርድሯል። ከላይ ሳየው «ለወንድሜ ድንኳን ጥለውለታል!» ብዬ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሐበሻ «አባባ፣ ኤርፖርቱ ነው» አለችኝ። አፈርኩ።

ብሩክ በር ላይ ጠበቀኝ። «ጋሼ ደምሴ! እንኳን ደህና መጡ!» ብሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። እኔ ግን ዓይኔ ራሱ ላይ ቀረ። ፀጉሩ በቅባት ተይዞ እንደ ዶሮ ኩክኒ ቆሟል።

«ፀጉርህ ምነው?» አልኩት።

«ምን ሆነ?»

«አለ! አባትህ ሞቶ ፀጉርህ አለ።»

«ጋሼ፣ እዚህ እንደዛ አይደረግም። ተላጭቼ ብሄድ ኦፊስ ውስጥ ሰው ይደነግጣል። ሚቲንግ አለኝ፣ ሁሌ ከደንበኛ ጋር ነኝ።»

«አባትህ ሞቶ ካልደነገጡ መቼ ሊደነግጡ ነው?»

መኪናው ውስጥ አስገብቶኝ ነዳ። መንገዳቸው ሰፊ ነው፤ ሰው የለበትም። የእኛ ጠባብ ነው፤ ሰው አይበቃውም። በስተምዕራብ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ፤ ብሩክ «ይዩት፣ ይዩት» ይላል። አየሁት። ተራራ ነው።

እሱና ሚስቱ ሰብለ የሚኖሩት ሴንቴኒያል በሚባል ሰፈር ነው። የለቅሶ ራት በልተን አልጋ ሊያነጥፉልኝ ሲሉ «እኔ የማድረው ከወንድሜ ቤት ነው» አልኩ። የታደሰ ቤት ሞንትቤሎ ነው፤ ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ትንንሽ ቤቶች ያሉበት የሠራተኛ ሰፈር።

«ብቻዎን?» አለች ሰብለ።

«ወንድሜስ ብቻውን አልነበር?»

ብሩክ አንገቱን ደፋ። ቢሆንም ወሰደኝ፤ ማሞቂያውን አሳይቶኝ ሄደ። ሰብለ ፍሪጁን በወጥ ሞልታልኛለች። የብሩክን ፀጉር ስረግም የእሷን ደግነት እንዳልረሳ ይመዝገብልኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት አካፋ ሲፋቅ ሰማሁ። መጋረጃ ገልጬ አየሁ። አንድ ትልቅ ፈረንጅ፣ ዕድሜው ከስልሳ የማያንስ፣ የወንድሜን ደጅ በረዶ ይጠርጋል። ራሱ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል። በዚያ ብርድ ኮፍያ እንኳ የለውም። እንደኔ ከስክስ አድርጓል፤ የእሱ ግን መስታወት እስኪመስል ተወልውሏል። የሱሪው ጫፍ ወደ ላይ ታጥፏል፤ ሱሪውን ደግሞ በሁለት ትከሻው ላይ በሚያልፍ ቀጭን ማንገቻ ሰቅሎታል።

ወዳጆቼ፣ እናንተስ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? አስከሬኑ ከወጣ ስንት ጊዜው፣ ባዶ ቤት ደጅ የሚጠርግ የተላጨ ጎረቤት! የገዛ ልጁ በቅባት ሲያበጥር ባዕዱ ለወንድሜ ራሱን ላጭቷል! በጋቢዬ ሮጬ ወጣሁ፤ በረዶው ላይ ቆሜ ደረቴን እየመታሁ «ወንድሜን! ወንድሜን!» አልኩ።

ሰውዬው አካፋውን ጣለ። ፊቴን አየ፣ ቤቱን አየ። «ታዲ?» አለ። «ታዲ!» አልኩ። ከዚያ አቀፈኝ፤ አጥንቴ ተንኳኳ። ከዚህ በኋላ ምን ጥርጥር ይገባኛል?

ሥርዓት አውቃለሁ። የታደሰ ጓዳ ውስጥ ስንዴና ሽምብራ አገኘሁ፤ ንፍሮ ቀቀልኩና በሳህን ይዤ ለቅሶ ልደርሰው ሄድኩ። ስሙ ሮይ ነው፤ ደረቱን እየጠቆመ ነገረኝ። ሶፋው ላይ ተቀምጬ እንደ ወጉ ዝም አልኩ። ሮይ ቴሌቪዥን ከፈተልኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ቢራ አመጣልኝ፤ ነቀነቅሁ። ትልቅ ጥቁር ሸክላ አውጥቶ ሙዚቃ ሲከፍት ግን ተነስቼ «ነውር ነው! ሐዘን ላይ!» አልኩና በእጄ ዝጋ አልኩት። ዘጋ። ከዚያ ሁለታችንም እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ዝም ብለን ተቀመጥን፤ እሱ ንፍሮውን አንድ አንድ እያነሳ ይበላል። ከደረስኩባቸው ለቅሶዎች ሁሉ እንዲህ ያለ የረጋ ለቅሶ አላየሁም።

እሑድ

ብሩክ ሥራ ስለነበረው ቤተ ክርስቲያን የሚወስደኝ ሌላ ሰው ላከ፤ አቶ ሀብተአብ ይባላሉ። ከታደሰ ጋር ታክሲ የነዱ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፤ አሥመራ በአማርኛ ተምረው አማርኛቸው ከእኔ የተሻለ ነው። ይህም ያናድዳል።

ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ወደ ኦሮራ ስንሄድ የሮይን ነገር አጫወትኳቸው። «ፈረንጁ ለወንድሜ ራሱን ላጨለት!» ስል መኪናውን ቀጥ አድርገው አቆሙት። ከኋላችን የነበረው ጥሩምባውን ነፋ።

«አቶ ደምሴ፣ ከስክስ አድርጓል?»

«አዎ።»

«ማንገቻስ?»

«አዎ። ምነው?»

«ስኪንሄድ ነው!» አሉ። «ሐዘንተኛ አይደለም፤ ስኪንሄድ ነው! እኔና ወንድምዎ በምንነዳበት ዘመን በዚህ ከተማ እንዲህ የተላጩ ዘረኞች ጥቁር ሰው ገድለዋል። የተላጨ ፈረንጅ እጁን ዘርግቶ ታክሲ ሲለምን አንድ ሐበሻ አይቆምም ነበር።»

እኔ ከዚህ ሰው ጋር ንፍሮ በልቻለሁ። ሙዚቃ አዘግቼዋለሁ። ቅዳሴው ላይ ያን ያህል የሰገድኩት ከእምነት አይደለም።

ሰኞ

ዘበኛ ስለነበርኩ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ የፈራኸውን ሰው በር ላይ ቆመህ ማንነቱን ትጠይቀዋለህ። አቶ ሀብተአብን ለምኜ አመጣኋቸው። እሳቸው «ከጀርባዎ ነው የምቆመው» አሉ፤ ቆሙም።

ጠዋት ግን የከስክሴ ክር ተበጥሶብኝ ነበር። ሰብለ ምግብ ልታደርስ መጥታ ከስፖርት ጫማዋ ነጭ ክር ፈታ አሰረችልኝ። ሮይ በሩን ከፍቶ በፈገግታ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ እግሬ ወረደ። ፊቱ ተለወጠ። ሳይናገር ፊቴ ተንበረከከና ጫማዬን ይፈታ ጀመር። እግሬን ሊያጥበኝ መሰለኝ፤ የጸሎተ ሐሙስ ያህል ተሰማኝና «ተው፣ አይገባኝም» አልኩ። ነጩን ክር መዝዞ ወረወረና ጥቁር ክር አምጥቶ አሰረልኝ።

አቶ ሀብተአብ ጠይቀው ተረጎሙ፦ «በጥቁር ከስክስ ላይ ነጭ ክር ያሰረ ሰው ‘የነጭ ዘር ይበልጣል’ ባይ ነው ይላል። ክፉዎቹ ምልክት አድርገውታል።»

እንግዲህ እኔ ደምሴ፣ ከሰል የመሰልኩ ሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ የጥቁር ጠላት ሆኜ ሞንትቤሎን ስዞር ነበር።

ተቀመጥን። «ለወንድሜ ነው የተላጨኸው ወይስ አይደለም?» ብዬ አስጠየቅሁት። ሮይ «ከጎረምሳነቴ ጀምሮ በየቅዳሜው እላጫለሁ» አለ። በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ወንድሜ ሁለተኛ ሞተ። ሳህኔን ከነተረፈው ንፍሮ አንስቼ ልወጣ ስል «አንዴ ያድምጡኝ ይላል» አሉ አቶ ሀብተአብ። ቁጭ አልኩ፤ ሳህኔን ግን አልለቀቅሁም።

የሮይ ወሬ እንዲህ ነው። ይህ አለባበስ የተጀመረው እንግሊዝ አገር ለንደን ነው፤ የወደብና የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ናቸው የጀመሩት። የሀብታም ልጆች ፀጉራቸውን ሲያንዠረግጉ እነሱ ላጩት፤ የአባቶቻቸውን የሥራ ጫማ ወልውለው ለጭፈራ አደረጉት። የሚጨፍሩት ደግሞ ከጃማይካ በመጡ ጥቁር ጎረቤቶቻቸው ሙዚቃ ነው። ከአለባበስ እስከ እርምጃ ከጃማይካ ልጆች ነው የተማሩት። የሮይ አባት ከዚያ የመጣ እንግሊዛዊ ነበርና ሸክላዎቹን ለልጁ አወረሰ። ኋላ ፖለቲከኛ መጣ። በኳስ ሜዳ በር ላይ ቆሞ ሥራ ያጣ ጎረምሳ ሁሉ ጆሮ ላይ «ሥራህን የወሰደብህ ጥቁሩ ነው» አለ። ግማሹ ተከተለው። ልብሱ አንድ፣ ልቡ ሁለት ሆነ። አሜሪካ ሲደርስ ዓለም የሚያውቀው ክፉውን ብቻ ነበር። እዚህ ዴንቨር ሮይና ጓደኞቹ ከነዚያ ጋር በየሙዚቃ ቤቱ ደጅ ይደባደቡ ነበር፤ የአፍንጫውን ስብራት አሳየን።

«ታዲያ ለምን አታወልቀውም?» አልኩ። «ፀጉርህን አሳድግና ተገላገል!»

«ልብሴን ሌባ ቢሰርቀኝ፣ የቀረኝንም አውልቄ ልስጠው ወይ? ይላል» አሉ አቶ ሀብተአብ።

ከዚያ የታደሰን ነገር አመጣ። አንድ ክረምት ሮይ የሚያቆምለት ታክሲ አጥቶ በበረዶ ቆሟል። ሁሉም አይቶት ያልፋል። አንዱ ግን አለፈና ወደ ኋላ ተመለሰ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ «ደጉ ነህ ክፉው? ክፉው ከሆንክ ሒሳቡ እጥፍ ነው» አለው። ታደሰ ነበር። አጎራባች ቤቱ ሲሸጥ ለታደሰ የነገረውም ሮይ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ የታደሰን ቧንቧ ይጠግናል፤ ታደሰ ደግሞ እሑድ ከሰዓት መጥቶ ያን ሶፋ ላይ ሸክላ ያዳምጣል። እኔ የተቀመጥኩበትን።

አቶ ሀብተአብ መተርጎሙን ትተው «ይህን ለእኔ አንድ ቀን አልነገረኝም!» አሉ። «አብረን ቡና ስንጠጣ ስንት ዓመት!»

«ለእኔም አልነገረኝም» አልኩ። ቅናት ቢጤ ያዘኝ።

ሳህኔን መልሼ አስቀመጥኩ። ልንወጣ ስንል ሮይ ጠየቀ፤ «የተላጨሁት ለታዲ የመሰላቸው ለምንድን ነው?» አስረዳሁ፤ በእኛ አገር ሰው ሲሞት የቀረው ሰው ራሱን ይለውጣል፣ ፀጉር ያለው ይላጫል። ሮይ ራሱን ዳሰሰ። «ድሮውንም የተላጨ ሰውስ ምን ያደርጋል?»

አሁንም እንደተናደድኩ ነበር። «እንግዲያ ያሳድጋ!» አልኩ። አቶ ሀብተአብ ስቀው ተረጎሙ። ሮይ አልሳቀም።

ረቡዕ

ሮይ ዴንቨር መሐል ከተማ ጓደኞቹ ወደሚሰበሰቡበት የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ቤት ወሰደን። በመንገድ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። አንድ ጎረምሳ፣ ፀጉሩ ያማረ፣ ልብሱ ንጹህ፣ ከትልቅ መኪና ወርዶ ሮይን ሲያይ ደስ አለውና እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ሰላምታ ሰጠው። አቶ ሀብተአብ «ያ ሰላምታ የሂትለር ነው» አሉኝ። ሮይ የነዳጁን ቱቦ እንደያዘ ጮኸበት፤ ጎረምሳው ሸሸ። ይህን ያላየች አንዲት ሴት ደግሞ ከወዲያ ወገን መጥታ ሮይን «አንተ ዘረኛ! እነዚህን ሽማግሌዎች የት ልትወስዳቸው ነው?» ብላ ሰደበችው፤ እኛን ልታስጥል በሯን ከፍታ «ግቡ፣ ግቡ» አለችን። ክፉዎቹ የኛ ነህ ይሉታል፣ ደጎቹ የነሱ ነህ ይሉታል። ይህ ሰው የሚኖረው በሰው ስህተት መሐል ነው።

ሸክላ ቤቱ ውስጥ የተላጩ ሰዎች ሞልተዋል። እኔም ጋቢዬን አውልቄ ስገባ ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንዱ፣ ጥቁር ነው፣ ማንገቻ አድርጓል፣ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ሁሉም ተሰለፉ፤ አንድ በአንድ እየመጡ ከእኔ ጋር ፎቶ ይነሳሉ።

«ምን ሆነዋል?» አልኩ።

አቶ ሀብተአብ በሳቅ እያነቡ «ከአፍሪካ የመጣ የድሮ ስኪንሄድ ነዎት ብለዋል» አሉ። «ራስዎን፣ ከስክስዎን፣ ያረጀ ኮትዎን አይተው። ‘እውነተኛው ይኸ ነው’ ይላሉ።»

«ሐዘንተኛ ነው በሏቸው!»

«ነገርኳቸው። ይበልጥ አከበሩዎት።»

ያን ቀን በዚያ አገር የተላጨ ራሴን እንደ ውርደት ያላየ ሰው ብዛት ይገርማል። ሮይ ሲመልሰን ለአርባው ጠራሁት። አቶ ሀብተአብ «ይህ ነገር ደግ አይመስለኝም» አሉ። «የወንድሜን ደጅ የጠረገ ሰው የወንድሜን አርባ ይበላል» አልኩ። እሳቸውም ተረጎሙ።

ቅዳሜ፣ አርባው

ብሩክ ለአርባው የታደሰን ሙሉ ልብስ ሰጥቶኝ ነበር። ታደሰ አሜሪካ ወፍሯል፤ ሱሪው ሁለት ደምሴ ይይዛል። ቀበቶ ቢጎተት ቢጎተት ይንሸራተታል። ሮይ አየና ከራሱ ማንገቻ አንዱን አምጥቶ በትከሻዬ አሰረልኝ። ሱሪው ወደ ላይ ወጣና ከስክሴ ታየ። ጎን ለጎን መስታወት ፊት ቆምን፤ መንታ።

አዳራሹ ኦሮራ ነው፤ ጥሩ፣ ሰፊ፣ ወንበሩ ሁሉ የተሰናዳ። ግድግዳው መሐል አንድ ትልቅ ምስማር አለ፤ ምንም አልተሰቀለበትም። አቶ ሀብተአብን ጠየቅሁ። «ባንዲራ ነበረበት» አሉ። «ግማሹ ኮከብ ያለውን ስቀሉ አለ፣ ግማሹ ኮከብ የሌለውን አለ፣ ተጣሉ፤ ምስማሩ ቀረ። እኔ በባንዲራ አልገባም፤ የራሴ ይበቃኛል።»

ሮይ ትንሽ ዘግይቶ መጣ። ወንድሜን ለማክበር ያለውን ደህና ጃኬት ለብሷል። ደረቱ ላይ አርማ ተሰፍቷል፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ መሐሉ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ። ከጃማይካ ሙዚቃ የተወረሰ ነው። ተነስቼ በር ላይ ተቀበልኩት፤ ሁለታችንም ተላጭተን፣ ሁለታችንም በማንገቻ፣ ሁለታችንም በከስክስ።

አንዲት ሴት «ወይኔ! ስኪንሄድ!» ብላ ሳህኗን ጣለች። ልጆች ጠረጴዛ ስር ተሸጎጡ። ከወዲህ አንዱ «ፖሊስ ጥሩ!» ሲል፣ ከወዲያ ሌላው ተነስቶ «ፖሊሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ያን አንበሳ ያውልቅ! እዚህ ፖለቲካ አይገባም ተብሏል!» አለ። ሦስተኛው «የአንበሳው ምን አለበት?» አለና ተነሳ። ያኔ ግማሹ ሰው ስለ ፀጉሩ፣ ግማሹ ስለ አንበሳው ይጮህ ጀመር። ቄሱ «ሟቹን አስቡ!» ቢሉ ማን ይስማ። ፈረንጆች በጫማ ክር ይለያያሉ ብዬ አምስት ቀን ስስቅ ነበር። ሳቄን መልሼ ዋጥኩ።

ብሩክ መጣ፤ ላብ አጥምቆታል።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ይህን ሰውዬ ያስወጡት። ሰው እየወጣ ነው!»

«የአባትህን ደጅ ማን ነው የሚጠርገው?»

«ጋሼ፣ አሁን ኤክስፕሌይን አያድርጉልኝ!»

«አንተ እሑድ እሑድ የት ነበርክ? አባትህ የዚህ ሰው ሶፋ ላይ ነበረ!»

ይህ ነው የነካው። ፊቱ ጠቆረ፤ ክንዴን ያዘ። «እንግዲያው እርስዎም አብረው ይውጡልኝ» አለ። አስወጣኝ። በሩ ተዘጋ።

በረዶ ላይ ቆምን። አቶ ሀብተአብ ተከትለው ወጡ፤ ኮታቸውን እንኳ አልያዙም። ሮይ ቤት ሄድን። ፍሪጁን ከፈተና ሳህኔን አወጣ፤ ያቺን የመጀመሪያዋን ንፍሮ። «ለምን እንደሆነ ባላውቅም የሚጣል ነገር አልመሰለኝም ይላል» አሉ አቶ ሀብተአብ። አሞቀው። ካቻፕ አደረገበት። የወንድሜን አርባ የበላሁት እንዲህ ነው። ሸክላውንም «አሁን ክፈት» አልኩት፤ ታደሰ የሚወደውን ከፈተ። ቃሉ አልገባኝም፤ እግሬ ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከስክሱ ነው።

መመለስ

ብሩክ አየር ማረፊያ አደረሰኝ። ሰብለ ከኋላ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ የማይበቅልበት አገር እንደምሄድ ሁሉ ምግብ አጭቃለች። ድንኳኖቹ ስር ስንደርስ ብሩክ ሊስመኝ ጎንበስ አለ። እጄን ሰጠሁት፤ ጉንጬን አልሰጠሁትም።

ደብረ ብርሃን ስደርስ እድሩ ሁለት ወገን ሆነ። አንዱ «ልጁ ባለጌ ነው» አለ። ሌላው «አንተስ ለቅሶ ላይ የማይታወቅ ሰው ይዘህ ትሄዳለህ?» አለኝ። ብሩክ ሲደውል አላነሳሁም። ወሬ የሚነግሩኝ አቶ ሀብተአብ ብቻ ናቸው። በታኅሣሥ ደውለው፣ ብሩክ ሊሸጠው ባሰበው ባዶ ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ሮይ ውኃ ውስጥ ተንበርክኮ ሲያስቆም ብሩክ እንደደረሰ ነገሩኝ። «ብዙ ሰዓት ተነጋገሩ፤ ብሩክ ያን ሶፋ ላይ ተቀመጠ» አሉ። «ደግ» ብዬ ዘጋሁ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ራት እየበላሁ አቶ ሀብተአብ በቪዲዮ ደወሉ። ያው አዳራሽ ነው፤ ምስማሩን አወቅሁት። ጠረጴዛው ራስ ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የማላውቀው ፈረንጅ ነው፤ ራሱ ላይ ውርጭ የመታው ገብስ የመሰለ ፀጉር እዚህም እዚያም በቅሏል። ሌላው ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ አንገቱን ደፍቷል።

«ሮይ!» አልኩ፣ የተላጨውን።

የተላጨው ቀና አለ። «ጋሼ» አለ፣ «እኔ ነኝ። ብሩክ።»

አፌ ውስጥ ያለውን ጉርሻ ረሳሁት። ገብሱ ፈረንጅ እጁን አወዛወዘልኝ።

«ከአርባው ማግስት ጀምሮ አልተላጨም» አሉ አቶ ሀብተአብ። «ጓደኞቹ ሳቁበት። ‘ድሮውንም የተላጨ ያሳድግ ብለውኛል’ ይላል።»

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ብሩክ።

ጉርሻዬን ዋጥኩ። «ሚቲንግህስ?» አልኩት። «ሰው አይደነግጥም?»

«ይደንግጥ» አለ።

ይቅር አልኩት፤ ጥር ዘጠኝ ቀን፣ የከተራ ዋዜማ ነበር።